የኢያቄም ሸለቆ ብርና የተጣለው ጥቁር ድንጋይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ስለ ጠገራ ብር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ሥራዬ አንጥረኛነት ነው። ሃና ማርያም፣ ከመኖሪያ ቤቴ ጀርባ በቆርቆሮ በተሠራች ጠባብ ክፍል ውስጥ ብር ስለማቀልጥ፣ ስለ ብር የተጻፈ ነገር ሲወጣ ዝም ብዬ አላልፈውም። ጽሑፋችሁ ደኅና ነው፤ ፎቶግራፉም ያምራል። ሆኖም አንድ የሚታረምና አንድ የጎደለ ነገር አለበት፤ የጎደለው ከሚታረመው ይብሳል።

ጸሐፊያችሁ በአገራችን ሲዘዋወር የኖረው፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ ብር ከያኺሞቭ ተራራ የተቆፈረ አድርገው አቅርበውታል። አይደለም። ያኺሞቭ ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ፣ ለጀርመን ድንበር ቅርብ የሆነች ትንሽ ከተማ ናት። ሽሊክ የሚባሉ መኳንንት በ1516 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ብር በተገኘበት ሸለቆ ከተማ ቆረቆሩ፤ ከ1520 ጀምሮም በሕግ ተፈቅዶላቸው ትልልቅ የብር ገንዘብ አስመቱ። በገንዘቡ አንድ ገጽ ላይ የተቀረጸው ቅዱስ ኢያቄም ነበር፤ ሸለቆውም የተሰየመው በእርሱ ስም ነው። የእመቤታችን አባት ማለት ነው። ሃና ማርያም ተቀምጬ ስለ ኢያቄም ሸለቆ መከራከሬ ለራሴም ፈገግ አሰኝቶኛል።

ያ ገንዘብ ለኋለኞቹ የአውሮፓ ትልልቅ የብር ገንዘቦች አርአያ ሆነ፤ የማርያ ቴሬዛም ከዚያው ዘር ነው። ነገር ግን ንግሥቲቱ ያረፉበት 1780 የተጻፈበት ብር ሲመታ የያኺሞቭ የብር ዘመን ካለፈ ብዙ ትውልድ ሆኖት ነበር። በኋላማ ዓመተ ምሕረቱ ሳይለወጥ በቪየናም፣ በሮምም፣ በለንደንም፣ በቦምቤይም ተመትቷል፤ ስለዚህ የትኛው ጠገራ ከየትኛው ጉድጓድ እንደወጣ መለየት አይቻልም። አባቴ ደግሞ ከየት መጣ ብለው አይጠይቁም ነበር። በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ያሉትን ዕንቁዎች በጥፍራቸው እየነኩ ዘጠኝ መሆናቸውን ይቆጥራሉ፤ ከዚያ ድንጋይ ላይ ጣል አድርገው ድምፁን ይሰማሉ። በቃ። 28 ግራም ከሚመዝነው ጠገራ ውስጥ ንጹሑ ብር 23 ግራም ከትንሽ ነው፤ ቀሪው መዳብ ነው።

አሁን ወደ ጎደለው ልምጣ። ጽሑፉ ብሩን ብቻ አይቶ አብሮት የሚወጣውን ዘሎታል። ብር ብቻውን አይመጣም። አሮጌ ጌጥ በናይትሪክ አሲድ ሳሟሟ መጀመሪያ ቀላ ያለ ቡናማ ጭስ ይነሣል። ፈሳሹ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፤ ሰማያዊ ያደረገው መዳቡ ነው፣ ብሩ ገና አይታይም። ከዚያ የመዳብ ቁራጭ ስከትበት ብሩ ግራጫ ዝቃጭ ሆኖ መዳቡን ይለብስና ወደ ታች ይረግፋል። ዝቃጩን ደጋግሜ አጥቤ፣ አድርቄ ሳቀልጠው ነው ነጭ የሚሆነው። ገዢ የሚያየው ነጩን ነው፤ ጭሱ የሚቀረው ከእኔ ጋር ነው።

የያኺሞቭ ተራራም ያወጣው ብር ብቻ አልነበረም። አንዳንዱ ብር በሽቦ መልክ ተጠማዝዞ ንጹሑን ይገኛል፤ አንዳንዱ ከአርሴኒክና ከድኝ ጋር ተዋሕዶ ደማቅ ቀይ ድንጋይ ይሆናል። ኮባልት፣ ኒኬልና ቢስመትም አብረውት አሉ። ወደ ታች ሲወረድ ግን ብሩ ይሳሳና ጥቁር፣ ለመጠኑ እጅግ የሚከብድ ድንጋይ ይበዛል። ቆፋሪዎቹ ያን ድንጋይ ሲያዩ ብሩ አለቀ ብለው ያዝኑ፣ ድንጋዩንም አውጥተው ይደፉት ነበር። በ1530ዎቹ 18,000 ያህል ሰው የሚኖርባት፣ በቦሄሚያ ከፕራግ ቀጥላ የምትቆጠረው ከተማ ምዕተ ዓመቱ ሳያልቅ ብሯም ሕዝቧም መነመነ።

በ1789 ማርቲን ክላፕሮት የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት በእንዲህ ዓይነቱ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ የማይታወቅ ንጥረ ነገር እንዳለ ደረሰበት፤ ዩራኒየም ብሎ ሰየመው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያኺሞቭ ላይ ከዚያ ድንጋይ የብርጭቆና የሸክላ ዕቃ ቀለም የሚያወጣ ፋብሪካ ቆመ። ዩራኒየሙ ከወጣለት በኋላ የሚቀረው አተላ ደግሞ ጫካ ውስጥ ይደፋ ነበር። ሳይንቲስቶቹ ባልና ሚስት ማሪ እና ፒዬር ኩሪ በ1898 ፖሎኒየምና ራዲየም የተባሉ ጨረር የሚያመነጩ ንጥረ ነገሮችን ካገኙ በኋላ ራዲየሙን ለማጣራት የለመኑት ይህንኑ አተላ ነበር፤ የኦስትሪያ መንግሥትም የመጀመሪያውን ቶን በነጻ ሰጣቸው። ብዙ ቶን አፍልተውና አጣርተው በ1902 እጃቸው የገባው የግራም አንድ አሥረኛ ያህል የራዲየም ጨው ነው። የዓለም ውድ ነገር የወጣው ሁለት ጊዜ ከተጣለ ድንጋይ!

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ግን ድንጋዩ ሰው ሳንባ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከ1527 ጀምሮ በዚያች ከተማ በሐኪምነት ያገለገለው አግሪኮላ፣ ከሞተ በኋላ በ1556 በታተመው መጽሐፉ፣ በካርፓቲያ ተራሮች የማዕድን ቦታዎች ሰባት ባል አግብተው ሰባቱንም የሳንባ በሽታ የቀማቸው ሴቶች እንዳሉ ጽፏል። ቆፋሪዎች ፊታቸውን በጨርቅ ስለመሸፈናቸው፣ ወደ ጉድጓዱ አየር በወናፍ ስለማስገባትም ጽፏል፤ ይህን የጻፈው የማርያ ቴሬዛ ቅድመ አያቶች ሳይወለዱ ነው። በ1879 ከተራራው በጀርመን ወገን፣ ሽኔበርግ ላይ፣ ሁለት ሐኪሞች የቆፋሪዎቹ በሽታ የሳንባ ካንሰር መሆኑን አሳዩ። ከዩራኒየም ራዲየም፣ ከራዲየም ደግሞ ሬዶን የሚባል፣ ጨረር ያለው፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ይወለዳል፤ ቆፋሪው ከአቧራው ጋር ሲተነፍሰው የኖረው እርሱን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንኳ፣ ጉዳቱ ታውቆ ሳለ፣ ለሶቪየት ኅብረት ዩራኒየም እንዲያወጡ የፖለቲካ እስረኞች ወደዚያው ጉድጓድ ወርደዋል።

ይህ የፈረንጅ ታሪክ ለእኛ ምን ያደርግልናል የሚል አንባቢ ካለ ጉጂ ዞን ያለውን ቀንጢቻን ያስብ። ታንታለም የሚባል ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚፈለግ ብረት ለብዙ ዓመት ሲወጣበት የኖረ ቦታ ነው። ታንታለሙ ከዩራኒየምና እንደ እርሱ ጨረር ካለው ከቶሪየም ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚገኘው፤ ያው ቋጥኝ ዛሬ ዓለም ለባትሪ የሚሻማበት ሊቲየምም አለበት። ፈቃድ ሲሰጥ ጋዜጦቻችን የሚዘግቡት ስንት ዶላር እንደሚገኝ ነው። ከማዕድኑ ጋር ምን ምን አብሮ ይወጣል፣ የሚደፋው አፈር ተመርምሯል ወይ፣ የሠራተኛው ሳንባ ሲገባና ሲወጣ በራጅ ታይቷል ወይ የሚለውን ጥያቄ አንድም ዘገባ ላይ አላነበብኩም።

ሩቅ ሳንሄድም እዚሁ ከሰፈራችን በላይ የድንጋይ ካባ አለ። ዩራኒየም ያወጣል ማለቴ አይደለም፤ የሚያወጣው ለግንባታ የሚሆን ጠጠር ነው። ድንጋይ መፍጫው ሲነሣ ግን የወዲያኛው የባሕር ዛፍ ረድፍ ከዓይን ይጠፋል፤ ጎረቤቴም ልብስ የምታሰጣው ካባው ሥራ ካቆመ በኋላ ነው። መፍጫው ሥር የሚቆሙት ልጆች አንዳንዶቹ ሻርፕ አፋቸው ላይ ይጠመጥማሉ፤ የሚበዙት እርሱም የላቸውም። አግሪኮላ የጻፈላቸው ቆፋሪዎች ከእነዚህ ልጆች ይሻሉ ነበር ማለት ነው። ውኃ ቢረጭ አቧራው ግማሽ በግማሽ እንደሚሞት አሠሪው ያውቃል፤ ቦቴ መከራየት ወጪ ነው ይላል።

የእኛም ሙያ ንጹሕ አይደለም። ቶሎ ስለሚቀልጥ የሚወደድ፣ ካድሚየም ያለበት የብር መበየጃ አለ፤ ሲግል የሚወጣው ጭስ ሳንባንም ኩላሊትንም ይጎዳል። ሻጩ ምን እንዳለበት አይነግርም፤ በጥቅሉም ላይ የተጻፈ ነገር የለም። አብሮኝ የሚሠራውን የወንድሜን ልጅ መስኮቱ ሥር ካልሆነ በቀር እንዳይበይድ ከልክዬዋለሁ፤ ክረምት ሲሆን ያኮርፈኛል፣ ያኩርፍ።

ስለዚህ ሁለተኛውን ክፍል አውጡልን። የማዕድን ባለሙያ ብቻ ሳይሆን የሳንባ ሐኪምም አነጋግሩ። ለፈቃድ ሰጪዎቹም የሚደፋውን ድንጋይ ማን እንደሚመረምረው፣ ውጤቱስ ለአካባቢው ሕዝብ ይነገር እንደሆነ ጥያቄውን አቅርቡ። ካባው ሥራ የሚጀምረው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ጋዜጠኛችሁ ከመጣ እኔው ይዤው እወጣለሁ። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ግን ይዞ ይምጣ።

ከአክብሮት ጋር
አንጥረኛው አንባቢያችሁ
ሃና ማርያም፣ አዲስ አበባ