ከባሕሩ በፊት መንገዱን እዪ

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ይህን ሁሉ ጊዜ ድምፄን አጥፍቼ ቆይቼ እንዲህ ብዬ መጠየቄም ያሳፍራል። ምክንያት አልደረድርልሽም፤ ብትወቅሺኝ እውነትሽን ነው። ብቻ አንቺና ባለቤትሽ ጡረታችሁን ጠረፍ ላይ ካለ ከተማ አጠገብ፣ ያለ መኪና፣ ጉዳይን ሁሉ በእግር እየጨረሱ በሚኖርበት ሰፈር ልታሳልፉ ማሰባችሁን ስሰማ ዝም ማለት አቃተኝ። ሌላው ወሬ ስንገናኝ ይደርሳል፤ ዛሬ ስለ ሰፈሩ ብቻ ልጻፍልሽ።

ሰው ጠረፍ ላይ ቤት ሲፈልግ መጀመሪያ መስኮቱን ከፍቶ ባሕሩን ነው የሚያየው። ባሕሩ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ያስረሳል። አንቺ ግን ጀርባሽን ለባሕሩ ሰጥተሽ ከደጃፉ ጀምሪ። ከበሩ በ400 ሜትር ውስጥ ምን አለ? የዕለት ፍጆታ የሚገዛበት ሱቅ፣ መድኃኒት ቤት፣ ፌርማታ፣ ቁጭ ብሎ ሰው የሚታይበት ቦታ። እነዚህ አራቱ ካሉ ሌላው እስከ 800 ሜትር ቢርቅ ግድ የለም። 400 ሜትር የከተማ ፕላን ሰዎች «የ5 ደቂቃ መንገድ» የሚሉት ነው፤ ልኩ ግን የጎልማሳ እግር ነው። በሰከንድ 0.8 ሜትር ለሚራመድ አረጋዊ ከ8 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ መልሱ ደግሞ ዕቃ ተይዞ ነው። ሰፈሩን የምትመርጪው ዛሬ ላለው ጉልበትሽ ሳይሆን በ80 ዓመትሽ ለሚተርፍሽ ጉልበት ነው።

ደላላ «ሱቁ እዚህ ነው» ሲልሽ ካርታ ላይ በቀጥታ መስመር እየለካ እንደሆነ አትርሺ። መሐል ላይ የባቡር ሐዲድ፣ የግቢ አጥር ወይም መውጫ የሌለው መንገድ ካለ 250 ሜትር የተባለው ዞሮ ዞሮ 900 ሜትር ይሆናል። ስልክሽ ካርታ ላይ «በእግር» የሚለውን መርጠሽ ለኪው፤ ከተቻለሽም ሂጂበት። ዎክ ስኮር የሚባል ነጥብ አለ፤ በሚሸፍናቸው አገሮች ለእያንዳንዱ አድራሻ ከ0 እስከ 100 ይሰጣል። በ5 ደቂቃ የእግር መንገድ ውስጥ ላለ አገልግሎት ሙሉ ነጥብ ይሰጣል፤ ከ30 ደቂቃ በላይ ለራቀው ግን ምንም። ከ90 በላይ ማለት ለዕለት ጉዳይ መኪና አያሻም ማለት ነው። ለመጀመሪያ ማጥሪያ ይረዳል። የተሰበረውን የእግረኛ ንጣፍ፣ የጎደለውን አግዳሚ ወንበር፣ ቶሎ የሚቀየረውን መብራት ግን አያይም። 92 አግኝቶ ለምርኩዝ የማይመች ሰፈር ሞልቷል።

ስለ መብራት ካነሣሁ፣ ሰዓት ይዘሽ ማቋረጫው ላይ ቁሚ። አንድ የመኪና መስመር 3.5 ሜትር ያህል ስለሚሰፋ ባለ አራት መስመር መንገድ 14 ሜትር ይሆናል። በብዙ ቦታ የእግረኛ መብራት ጊዜው የሚሰላው ሰው በሰከንድ 1.2 ሜትር ይራመዳል ተብሎ ነው፤ ለ14 ሜትሩ 12 ሰከንድ ግድም ይሰጣል። በ0.8 ሜትር የሚሄድ ሰው 17 ሰከንድ ተኩል ያስፈልገዋል። መብራቱ ሲቀየር ሦስተኛው መስመር ላይ ነሽ ማለት ነው። ስለዚህ ወይ ረዘም ያለ ጊዜ፣ ወይ መሐል ላይ ከፍ ያለ መቆሚያ መኖሩን እዪ። የመኪናው ፍጥነትም እንዲሁ ነው፦ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከያዘ በኋላ የሚጓዘው ርቀት በ30 ከሚሄደው ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። «30» የሚል ታፔላ ብቻ አያታልልሽ፤ መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ከሆነ ታፔላውን የሚያነበው እግረኛው ብቻ ነው።

አሁን ጎንበስ በይ። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ መሻገሪያው ጋ ሲደርስ ግን ተቆርጦ እስከ አስፋልቱ ዝቅ ማለት አለበት። ድንጋዩና አስፋልቱ የሚገናኙበት ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ብትቀር የዊልቸር ፊተኛዋ ትንሽ ጎማ እዚያች ላይ ትያዛለች፤ የተቀመጠው ሰው ወደፊት ይወረወራል። ከዝናብ በኋላ ውሃ የሚቋጥረውም እዚያው ቦታ ነው። ቀጥሎ መኪና ወደየግቢው የሚገባባቸውን ቦታዎች እዪ፤ ለመኪናው ምቾት ሲባል የእግረኛው መንገድ ወደ አስፋልቱ እንዲያዘነብል ይደረጋል። ማዘንበሉ ከ2 በመቶ በላይ ሲሆን ዊልቸሩም ባለጎማ ዘንቢሉም በራሳቸው ወደ መኪናው መንገድ መጎተት ይጀምራሉ። ይህን ቆሞ በማየት አታገኚውም። ባዶ ባለጎማ ሻንጣ ይዘሽ ሁለት ሦስት ቦታ ግፊው፤ እጅሽ ይነግርሻል።

ዳገቱንም በዐይን አትገምቺ። 1 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ጣውላ መሬቱ ላይ አጋድሚ፣ የግንበኛ ውሃ ልክ አስቀምጪበት፣ ከዚያ በቁልቁለቱ በኩል ያለውን ጫፍ እስኪስተካከል አንሺው። ጫፉ ከመሬት 5 ሳንቲ ሜትር ከተነሣ ዳገቱ 5 በመቶ ነው፤ እስከዚያ ድረስ አብዛኛው ሰው ይችለዋል። ለዊልቸር መወጣጫ በብዙ ደንብ የሚፈቀደው የመጨረሻው ልክ 1 ለ12 ነው፤ 8.3 በመቶ ማለት ነው፤ እሱም ለአጭር ርቀት፣ የእጅ መደገፊያ ኖሮት። ጠረፍ ላይ ደግሞ ጣጣው ባሕር የሚታየው ከከፍታ መሆኑ ነው። የማስታወቂያው ሰገነት ውብ ነው፣ ሱቁ ግን ታች ነው። ወጣት መውጣቱን ይፈራል፤ የታመመ ጉልበት የሚፈራው መውረዱን ነው።

አግዳሚ ወንበር ትንሽ ነገር ይመስላል። ለመራመድ የሚቸገር ሰው በየ50 ሜትሩ ማረፊያ ይፈልጋል፤ መደገፊያና የእጅ ማሳረፊያ ያለው፣ ጥላ ሥር የተተከለ። የሕዝብ መጸዳጃ ቤትም ጠይቂ። ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም እንጂ ብዙ አረጋውያንን ከቤት የሚያስቀረው እሱ ነው።

የጠረፍ ሰፈር ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ የእንግዳ ወቅት፣ ሌላው ባዶው ወቅት። እንግዳ በሚበዛበት ወር የሄደ ሰው ሁሉም ሱቅ ክፍት፣ አውቶቡሱ በየ15 ደቂቃው፣ መንገዱ በሰው የተሞላ ሆኖ ያገኘዋል። አንቺ ቀዝቃዛውና ዝናባሙ ወር ላይ፣ በሥራ ቀን ሂጂ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ልትኖሩበት ባሰባችሁት መንገድ ቆመሽ መብራት የበራባቸውን መስኮቶች ቁጠሪ። ከሃያው አራቱ ብቻ ከበሩ ቤቶቹ የበዓል ማሳለፊያ ናቸው፤ ጎረቤት የለሽም፣ ሱቁም በዚያ ወቅት ይዘጋል። የአውቶቡሱን የጊዜ ሰሌዳ ስታዪ የሁለቱንም ወቅት ጠይቂ፤ የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚያልፍም አትርሺ። ባቡር ካለ ሊፍቱ ይሠራል ወይ ብለሽ የጣቢያውን ሠራተኛ ሳይሆን እዚያ የሚሳፈር አረጋዊ ጠይቂ። በእንግዳው ወቅት ደግሞ አንድ ቅዳሜ ተመለሺ፤ የእግረኛው መንገድ ላይ መኪና የሚቆመው ያኔ ነው።

ከባሕሩ ምን ያህል ልራቅ ካልሽኝ፣ ከ1 እስከ 3 ኪሎ ሜትር እላለሁ። ከሰዓት በኋላ የሚነፍሰው የባሕር ነፋስ ብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ስለሚገባ ቅዝቃዜው አይቀርብሽም። ጨው ያዘለው ርጥበት ግን አብዛኛው የሚራገፈው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ነው፣ ቤት የሚበላውም እዚያ ነው። የበር ማጠፊያውን፣ የበረንዳውን ብረት፣ ውጭ የተሰቀለውን የአየር ማቀዝቀዣ (ኤሲ) መረብ እዪ። «ስቴንለስ ነው» ብለው ቢነግሩሽ ቁጥሩን ጠይቂ፦ 304 የሚባለው ጠረፍ ላይ ቡናማ ነጥብ ያወጣል፤ 316 ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም የሚባል ብረት ስላለበት ጨውን የተሻለ ይችላል።

ከሁሉ የሚከፋው የማይታየው፣ አርማታው ውስጥ የተቀበረው ብረት፣ ፌሮው ነው። ጨው በአርማታው ውስጥ ዘልቆ ፌሮው ጋ ሲደርስ ብረቱ ይዝጋል፤ ዝገቱ ከብረቱ እጥፍና ከዚያ በላይ ቦታ ስለሚይዝ አርማታውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። በረንዳው ሥር ቀና ብለሽ እዪ፦ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ስንጥቅና ከሱ የሚወርድ ቡናማ ዕድፍ ካለ ስንጥቁ የሚከተለው ፌሮውን ነው። በጣትሽ አንጓ ወይም በትንሽ መዶሻ ስትመቺው ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ወይም አርማታው ለቋል። አዲስ ቀለም ብቻ የተቀባ በረንዳ ደግሞ ከተሰነጠቀው ይልቅ ያጠራጥራል።

አፓርታማ ከሆነ የሕንፃውን የጋራ ማኅበር ሦስት ነገር ጠይቂ፦ የመጨረሻውን የመሐንዲስ ምርመራ፣ ለጥገና የተቀመጠውን ገንዘብ፣ ያለፉትን ሦስት ዓመታት ቃለ ጉባኤ። ወርሃዊ መዋጮው አነስተኛ መሆኑ ማማለያ አይሁንሽ፤ ያልተዋጣው ገንዘብ አንድ ቀን በአንዴ ይጠየቃል። ፍሎሪዳ ውስጥ ሰርፍሳይድ በምትባል የጠረፍ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1981 የተሠራ ባለ 12 ፎቅ አፓርታማ በሰኔ 2021 ሌሊት ከፊሉ ተደርምሶ 98 ሰዎች ሞተዋል። በ2018 መሐንዲስ ከመዋኛ ገንዳው ዙሪያ ወለል በታች ያለው አርማታ ከባድ ጉዳት እንዳለበት በጽሑፍ አሳውቆ ነበር፤ ዋናው ጥገና ሳይጀመር ነው ሕንፃው የወደቀው። ጽሑፉ ነበረ፤ ቃለ ጉባኤ አንብቢ የምልሽም ለዚህ ነው።

ውሃውን ለማየት ጨረቃን ጠብቂ። አዲስ ጨረቃና ሙሉ ጨረቃ ላይ፣ ወይም ከዚያ አንድ ሁለት ቀን በኋላ፣ የባሕሩ ሙላት ከፍ ይላል። በዚያ ቀን ሙላቱ ጫፍ የሚደርስበትን ሰዓት አጣርተሽ ዝቅ ያለው መንገድ ላይ ተገኚ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከጎርፍ ማፍሰሻው ውሃ ወደ ላይ ከወጣ ባሕሩ በቱቦው በኩል ተመልሶ መጥቷል። የዓለም ባሕር እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 2018 በአማካይ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሏል፤ ፍጥነቱም እየጨመረ ነው፤ ዛሬ በዓመት ሁለቴ የሚረጥብ መንገድ እናንተ በምትኖሩበት ዘመን አዘውትሮ ይረጥባል። የአካባቢውን የጎርፍ ካርታ አውጪ፤ የኢንሹራንሱን ዋጋ ውል ሳትፈርሚ በፊት በጽሑፍ ተቀበይ፤ በብዙ ቦታ ተራው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም። ሰፈሩ በአንድ ድልድይ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ እኔ ብሆን አልገዛም።

ሆስፒታሉን በተመለከተ ርቀቱን ሳይሆን ሌሊቱን ጠይቂ፦ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አምቡላንስ በስንት ደቂቃ ይደርሳል? በደም መርጋት ለሚመጣ ስትሮክ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ጭንቅላት በሲቲ ስካን ተነሥቶ መድማት አለመኖሩ ከታየ በኋላ። ስለዚህ ቅርብ ያለው ጤና ተቋም ሲቲ ስካን ከሌለው «ቅርብ ነው» ማለት አይቻልም።

ስለ ቤቱ ውስጥ ብዙ አልልም። ያለ ደረጃ የሚገባበት በር፣ ደረጃ በሌለበት የመጀመሪያው ወለል ላይ አንድ መኝታና መታጠቢያ፣ ጥርት ብሎ 80 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ የበር ክፍተት፣ ዊልቸር የሚዞርበት 1.5 ሜትር ባዶ ወለል። ፎቅ ላይ ከሆነ ሊፍቱ ሁለት ይሁን። አንዱ ለጥገና ሲቆም ስድስተኛ ፎቅ እስር ቤት ነው።

አንድ ወጥመድ ላስጠንቅቅሽ፦ «የጡረተኞች መንደር» ተብለው የሚሸጡት ግቢዎች። ውስጡ ንጹሕ፣ መንገዱ ለጥ ያለ፣ ወንበሩ በየቦታው ነው። በሩ ላይ ስትደርሺ ግን ከፊትሽ ፈጣን መንገድ አለ፣ የእግረኛ መንገድ የለም። ዙሪያውን እየዞሩ መሄድና ወደ ጉዳይ መሄድ አንድ አይደለም።

ከመግዛታችሁ በፊት ተከራዩ። ዓመት ብትቆዩ ጥሩ ነው፤ ካልሆነ ቢያንስ ባዶውን ወቅት ሙሉውን። መኪናችሁን ለአንድ ወር ቁልፉን ለሰው ሰጥታችሁ ሞክሩት። በዚያ ወር ስንት ጊዜ ቁልፉን እንደፈለጋችሁ ጻፉ፣ ለምን ጉዳይ እንደሆነም ጭምር፤ ጉዳዮቹ አንድ ዓይነት ሆነው ከተደጋገሙ ሰፈሩ የጎደለው እሱን ነው።

ያሰባችኋቸውን ሁለት ሦስት ሰፈሮች አድራሻ ላኪልኝ፤ መንገዱንም የጎርፉንም ካርታ እኔ ከዚህ ሆኜ አይልሻለሁ። ሙሉ ጨረቃ ሲደርስ ግን ከመካከላችሁ አንዳችሁ እዚያ መገኘት አለባችሁ፤ ሲመቻችሁ ቀኑን ንገሪኝና ሙላቱ ስንት ሰዓት እንደሆነ ፈልጌ እጽፍልሻለሁ። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ የጉልበቱንም ነገር ሳትደብቂ ጻፊልኝ፤ የዳገቱን ልክ የምንቆርጠው በሱ ነው።

የናፈቀሽ ጓደኛሽ