ግልጽ ደብዳቤ፦ ትኬት ላይ የሐበሻ ሰዓትም ይጻፍልን

ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች፣

ከጎንደር አዲስ አበባ በአየር 420 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላን በ1 ሰዓት አካባቢ ይጨርሰዋል። በመኪና ግን በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ዞሮ፣ ከደጀን ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ጎሐ ጽዮን ላይ ወጥቶ ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እህቴ የወለደች ጊዜ እናቴ ልታርሳት ስትነሳ፣ "እማዬ፣ በአውሮፕላን ነይ፤ ለረፋዱ ቡና ትደርሻለሽ" ያልናት ለዚህ ነው።

ትኬቷ ላይ 08:20 ይላል። የጎረቤት ልጅ "ስምንት ሰዓት ከሃያ" ብሎ አነበበላት። ሁለት ሰዓት ቀድመሽ ድረሺ ስለተባለች፣ ቅቤዋንና የገንፎ እህሏን ይዛ ልክ በ6 ሰዓት አዘዞ፣ ጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ደረሰች። "እማማ፣ እሱማ ጠዋት ሄደ" አላት በሩ ላይ የቆመው ልጅ። ጠዋት 2 ሰዓት ከ20 ነበር ለካ። ስትደውልልኝ ድምጿ ይንቀጠቀጣል። "አረጀሁ መሰለኝ ልጄ፣ ሰዓት መቁጠር እንኳ አቃተኝ" አለችኝ። ይህ ንግግሯ እስከዛሬ ያንገበግበኛል። በማግስቱ ተጨማሪ ከፍለን መጣች።

እሷ ሰዓት አላቃታትም። ልጁም አልተሳሳተም። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ጎህ ሲቀድ ጀምረን ነው፤ ትኬቱ ደግሞ ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራል። በመሀል 6 ሰዓት አለ።

የሌሊት በረራ ደግሞ ይብሳል። ትኬቱ "ማክሰኞ 00:30" ካለ፣ በእኛ አነጋገር ሰኞ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል፣ ለማክሰኞ አጥቢያ ማለት ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን እየጎተተ ቦሌ የሚመጣ ሰው አውሮፕላኑ ካመለጠው አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓረብ አገር ለሥራ የምትሄድ ልጅ ይህ ቢገጥማት ምን ይውጣት? ተበድራ የከፈለችው ብር አለ። እዚያም የሚቀበላት ሰው ይጠብቃል።

የበረራ ሰዓት አቆጣጠር ይቀየር አላልኩም። አብራሪውና የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው በዓለም አቀፉ ሰዓት ይግባቡ፤ የግድ ነው። እኔ የምለምናችሁ መንገደኛው እጅ ስለሚገባው ወረቀት ነው። አገር ውስጥ የሚሸጥ ማንኛውም ትኬት ከፈረንጁ ሰዓት ጎን "ከጠዋቱ 2:20" ወይም "ከሌሊቱ 6:30" የሚል፣ ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር የያዘ አንድ መስመር በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች እንዲኖረው መመሪያ አውጡልን። በስልክ የሚላከው መልእክትም እንደዚያው ይሁን።

እናቴ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል የቆጠረች ናት። "ጠዋት" የሚል ቃል ቢኖርበት ኖሮ ትኬቷን ራሷ ታነበው ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንዲት ጎንደሬ እናት ልጅ