የእድራችን ፎቅ በአሮጌ ግድግዳ ላይ እንዳያርፍ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የሰፈራችን ልጆች፣ ድሬዳዋ ያላችሁም ከድሬ ርቃችሁ የምትኖሩም፣

ለደቻቱ ወንዝ ዳር ሰው የእድር ዕቃ ለምን ፎቅ ላይ እንደሚወጣ ማስረዳት አያሻም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ወንዙ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱና መዝገቡ ከጎርፍ እንዲርቁ በእድሩ ቤት ጎን ባለ አንድ ፎቅ ክፍል መቀጠል የጀመርነው ለዚሁ ነው። ምድር ቤቱ ለስብሰባና ለለቅሶ መቀመጫ ይሆናል።

ሦስቱ ግድግዳዎች በብሎኬት አልቀዋል። አራተኛው የአሮጌው ቤት የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ነው። የፎቁን ወራጆች፣ ማለትም ወለሉን የሚሸከሙትን አግዳሚ እንጨቶች፣ አንድ ጫፍ እዚያ ውስጥ ለመቅበር ታስቦ ነበር፤ ግንበኛው የላይኛውን ድንጋይ ሲነቅል ግን ጭቃው እንደ ዱቄት ረገፈ። ወራጅ ጭነቱን ሁሉ የሚያሳርፈው በጫፉ፣ በጠባብ ቦታ ላይ ነው። ይህ ግድግዳ ያንን አይችልም። ጭቃ ውስጥ የተቀበረ እንጨት ደግሞ እርጥበት ይስባል፣ ለምስጥም በር ይከፍታል።

ጭነቱም ቀላል አይደለም። ለመኖሪያ ክፍል ወለል በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ግራም ያህል ይታሰባል፤ ለዕቃ ማከማቻ ግን 500 እና ከዚያ በላይ።

ስለዚህ ከአሮጌው ግድግዳ ፈንጠር ብለው፣ የራሳቸው መሠረት ያላቸው ኮለኖች (ምሰሶዎች) ይቆማሉ። በላያቸው የሚጋደመውን ቢም እነሱ ይሸከሙታል፣ ወራጆቹም ቢሙ ላይ ያርፋሉ። ሌላ ቢም ክፍሉን መሐል ለመሐል ያቋርጣል። ይሄኛው ትርፍ ወጪ ነው ያሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ወራጁ ሳይደገፍ የሚሻገረው ርቀት በግማሽ ሲያጥር፣ በሜትር የሚያርፍበት ጭነት ያው ሆኖ፣ ጉብጠቱ ወደ 1/16ኛ ይወርዳል። ከሥሩ ለቅሶ የሚቀመጡት እናቶቻችን ናቸው፤ እዚህ ላይ ብር አይቆጠብም።

የጎደለን ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ አሸዋና ጠጠር ነው። በዓይነት ለምትሰጡ ደረሰኝ ይቆረጣል። ገንዘብ የምትልኩ በእድሩ ስም በተከፈተው ሒሳብ ብቻ አስገቡ፤ ቁጥሩን ከገንዘብ ያዣችን ተቀበሉ፣ በግል ስልክ ለሚጠይቃችሁ ግን አትላኩ። ፌሮ ማሰር የምትችሉ ልጆች ጉልበታችሁ እንደ መዋጮ ይመዘገባል።

የኮለኖቹ ጉድጓድ የፊታችን ቅዳሜ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ይቆፈራል። ዶማና አካፋ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።

የእድሩ የግንባታ ኮሚቴ ጸሐፊ