ላዩ አዲስ፣ ውስጡ በሶ

ይድረስ፦ ኮምቦልቻ ለሚገኘው የቦዲና ብየዳ ጋራዥ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ፒካፕ ላይ የሚጫነውን ቤቴን በውላችን መሠረት ስላልሠራችሁልኝ

ጤና ይስጥልኝ። ስልክ ደጋግሜ ደውያለሁ። ሁለቴ በአካል መጥቼ «ሥራ አስኪያጁ የሉም፣ ከሰዓት ይመለሱ» ተብዬ፣ የጥበቃዎቹን ቡና ጠጥቼ የሐረጎን ዳገት ተመልሼ ወደ ደሴ ወጥቻለሁ። ቡናው ጥሩ ነበር። ሥራው ግን ጥሩ አይደለም፣ ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን ብያለሁ።

አናስታውስህም እንደማትሉኝ አውቃለሁ፤ ግቢያችሁ ውስጥ እንደሱ ያለ ሌላ ዕቃ አልነበረም። ፒካፑ የጭነት ቦታ ላይ የሚቀመጠው፣ ጣሪያው ወደ ላይ የሚነሳው፣ ሲነሳ ዙሪያውን ሸራ የሚዘጋው፣ ልጆቻችሁ «ቀንድ አውጣ» ብለው ስም ያወጡለት። ሲታጠፍ ዝቅ ስለሚል መንገድ ላይ ንፋስ አያስቸግረውም። ሲነሳ ደግሞ ሰው ቀጥ ብሎ ይቆምበታል። እኔ እንግዳ ይዤ ላሊበላ ወይም ቦረና ሳይንት ስወጣ የማድርበት እሱ ላይ ነው፣ የአልጋ ኪራይ ይቀርልኛል። አሮጌ መሆኑን አልደበቅኋችሁም። አሮጌ ባይሆን መጀመሪያውንስ ምን ላደርግ እናንተ ጋ አመጣዋለሁ?

የጥምቀት ሰሞን ስሰጣችሁ ችግሩን አንድ በአንድ አሳይቻችኋለሁ። የዚህ ዓይነት ቤት አጥንቱ እንጨት ነው፣ ቆዳው ስስ አልሙኒየም። በሽታው ውሃ ነው። ማዕዘኑ መጋጠሚያ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ክፍተት ካገኘ ይገባል፣ አልሙኒየሙ ከላይ ስለሸፈነው አይደርቅም፣ እንጨቱ ማንም ሳያየው ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል። ስለዚህ የተስማማነው አልሙኒየሙን ገልጣችሁ፣ የበሰበሰውን እንጨት አውጥታችሁ፣ በደረቅ እንጨት ተክታችሁ፣ ያንኑ አልሙኒየም መልሳችሁ እንድትገጥሙና ሸራውን በአዲስ እንድታሰፉ ነው። 145,000 ብር ተባባልን፣ 90,000 ቀብድ ከፈልኩ። ደረሰኙ እጄ ላይ አለ። «ለፋሲካ ትገባበታለህ» አላችሁኝ። በጉ እንጂ እኔ አልደረስኩም።

በመካከሉ በልግ ገባ። መጋቢት ላይ ልጠይቅ ብመጣ ቤቴ ጣሪያው ተነስቶ፣ ሸራው ወልቆ፣ ግቢው መሃል ቆሞ ዝናብ ይጠጣል። ውሃ አበላሸው ብዬ ያመጣሁትን ዕቃ! የላስቲክ ዋጋ ስንት ነው? ያን ቀን ብናገር ኖሮ እላለሁ፤ ግን ሰው ሥራ ላይ እያለ መጨቅጨቅ አልወድም።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ተረከብኩ። እውነቱን ለመናገር ላዩን ሳየው ደስ ብሎኛል። ቀለሙ ያብረቀርቃል። ቀሪውን 55,000ም እዚያው ከፈልኩ፣ ይህ የኔ ጥፋት ነው። «ውስጡን ለቄስ» ይባል የለ፣ እኛ ወሎ ደግሞ ለቄሱም ለሼኩም ነው፣ ማንም ሳይከፍተው ቀረ።

ሐረጎን ስጀምር መኪናዋ አቃሰተች። ኋላዋ ዝቅ ብሎ ባሌስትራው ሊተኛ ደርሷል። ጣሪያው ደግሞ ሁለት ጣት የምታህል ክፍተት ትቶ ነው የተዘጋው፣ በእያንዳንዱ ኩርባ ንፋሱ እየገባ ያነሳሳዋል፣ እኔ በመስታወት እያየሁ «አሁን ሄደ፣ አሁን ሄደ» እላለሁ። ደሴ ስገባ ላብ አጥምቆኛል፣ ደሴ ላይ ደግሞ በላብ የሚታወቅ ሰው የለም።

በሳምንቱ ሐይቅ ወረድኩና አደርኩበት። ሌሊት ዘነበ። ከለሊቱ ስምንት ሰዓት ግድም ጠብታ ግንባሬን መታኝ። ተነስቼ ባትሪ አበራሁ፤ ውሃው የሚመጣው በግራ በኩል ካለው የፊት ማዕዘን ነው፣ መጀመሪያ ስመጣ በጣቴ ካሳየኋችሁ ቦታ። እዚያ ያለውን ብሎን ልይ ብዬ ያዝ ባደርገው ተከትሎኝ መጣ። ካቻቢቴ የለ፣ ጉልበት የለ፣ በሁለት ጣት። ጫፉ ላይ ቡኒ ዱቄት ይዟል። በሶ በሉት።

ደሴ ሸዋ በር የማውቀው አናጢ ጋ ወስጄ አስከፈትኩት። አንድ እንጨት አልተቀየረም። አሮጌው እንደበሰበሰ ተቀምጦ ከላዩ ቀጭን ኮምፔንሳቶ ተለጥፎበታል፣ ከዚያ ቀለም። መጋጠሚያው ሁሉ በሲልከን ተሞልቷል። ሲልከን ለመስኮት መስታወት ይሁን፤ ቀኑን ሙሉ የሚንቀጠቀጥ ነገር ላይ፣ ያውም አቧራው ሳይጠረግ ከተቀባ እንደ እባብ ቆዳ ይላጣል፣ ርዝራዡ ደግሞ ሌላ ማጣበቂያ አያስጠጋም። እሱን ለመፋቅ ብቻ አናጢው ግማሽ ቀን ፈጀ። «ወንድሜ፣ ይህን የሠራው ሰው ከእንጨት ጋር ተጣልቷል» አለኝ።

ክብደቱስ ከየት መጣ? ጣሪያውን አልሙኒየሙን ጥላችሁ በብረት ላሜራ ቀይራችሁታል። ሳትጠይቁኝ። 1 ሚሊ ላሜራ አንድ ካሬ ሜትሩ 8 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ያው ውፍረት ያለው አልሙኒየም 3 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ጣሪያዬ 6 ካሬ ነው። ድሮ እኔና ባለቤቴ ከፊትና ከኋላ ገፋ አድርገን የምናነሳው ጣሪያ፣ ከሥሩ ከጨመራችሁት የብረት ቱቦላሬ ጋር ዛሬ አራት ጎረምሳ ይፈልጋል። ማጠፊያዎቹ የተሠሩት ለዚህ ጭነት አይደለም፣ አንዱ ከወዲሁ ተጣሟል። ላሜራው ጠርዝ ላይ ከቀረው አልሙኒየም ጋር የተነካካበት ቦታም እርጥበት ሲያገኘው አልሙኒየሙን ይበላዋል። ይህን ብየዳ ላይ የዋለ ሰው ያጣዋል ብዬ አላምንም።

ሸራው የጭነት መኪና ሸራ ነው። ወፍራም ነው፣ አይታጠፍም፣ ጣሪያው የማይገጥመውም በሱ ነው። ከባትሪው ወደ መብራቱ የሄደው ገመድ ደግሞ ፊውዝ የለውም፤ ሰው የሚተኛበት የጨርቅ ቤት ውስጥ!

የድሮው አልሙኒየም የት ሄደ ብዬ በስልክ ስጠይቅ ያነሳው ልጅ «ለቆራሌ ተሰጠ» አለኝ። ማን ሰጠ? በማን ዕቃ? ገንዘቡንስ ማን በላው? ስድብ እንዳይመስላችሁ፣ የምር እየጠየቅኩ ነው።

የምፈልገው ይህ ነው። ላሜራውና ቱቦላሬው ወርዶ ጣሪያው በአልሙኒየም ይመለስ፣ ወጪው በእናንተ። የበሰበሰው እንጨት ሁሉ ይውጣ፣ አዲሱ ከመሸፈኑ በፊት እኔ ቆሜ ልየው። ሸራውና ፊውዙ ይስተካከል። ይህን አንሠራም ካላችሁ 145,000 ብሬን መልሱልኝ፣ ለአናጢው የከፈልኩትን 6,500ም ጨምራችሁ፤ እኔ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ። ሐምሌ ከገባ የወሎ ዝናብ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ እስከ ሰኔ 20 መልስ እጠብቃለሁ። ካልሆነ ውሉንና ፎቶዎቹን ይዤ ወደ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ። ሽማግሌ ልካችሁ እንነጋገር ካላችሁም አልጠላም።

ዕቃው ደሴ፣ ደጄ ላይ ላስቲክ ለብሶ ቆሟል። መጥታችሁ እዩት፣ ቡናውን አሁን እኔ አፈላለሁ። ካቻቢቴ አትያዙ፣ ብሎኑ በእጅ ይወጣል።

ደንበኛችሁ
ደሴ፣ ሰኔ 3