ማሙሽ በእጁ ይሣልልኝ

ለንደን፣ ሐምሌ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣ መሐል ሜዳ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እማዬና አባባስ እንዴት ናቸው? እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «ከሥራ ስትገባ ምን እየሰማህ፣ ምን እያየህ ታመሻለህ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ መስመሩ ስለተቋረጠ መልሱ ሳይደርስሽ ቀረ። ይህን ደብዳቤ ወደ ደብረ ብርሃን ለሚሄድ ሰው የሰጠሁት መልሱን ከነማስረጃው ለመላክ ነው፤ ፖስታው ውስጥ አንድ ፍላሽና ሦስት የመልካም ምኞት ካርዶች ታገኛለሽ።

ከፍላሹ በቅድሚያ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ስሚልኝ። እኒህ መነኩሲት የመጀመሪያ ሸክላቸውን እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር ያሳተሙ፣ በ2006 ደግሞ ኢትዮጲክስ የተባለው ተከታታይ አልበም 21ኛ ቅጹን ለእርሳቸው ሥራ የሰጠላቸው ናቸው፤ በ2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ ዐረፉ። እማዬ «ፒያኖ የፈረንጅ ዕቃ ነው» ብላ ፊቷን እንዳታዞር ዐደራ፤ ጣታቸው አንዴ ሲዘገይ አንዴ ሲቸኩል፣ እሷ እንዝርቷን እያሾረች ለራሷ ስታንጎራጉር የምሰማ ይመስለኛል።

ቀጥሎ በገና ነው። ዐቢይ ጾም ሳይገባ በገና መስማቴን አባባ ቢያውቁ እንደሚቆጡኝ ዐውቃለሁ፤ ሆኖም እዚህ አገር ምሽቱ ራሱ ጾም ይመስላልና ይቅር ይበሉኝ። ዐሥሩ አውታር ከበግ አንጀት የሚፈተል ጅማት መሆኑን ካወቅሁ ወዲህ፣ በግ በታረደ ቁጥር አንጀቱን ለውሻ እንወረውር የነበረው ትዝ ሲለኝ ዐፍራለሁ። ያን የሚያጉረመርም ድምፅ የምታመጣው በእያንዳንዱ አውታር ሥር የምትሸጎጠው እንዝራ የተባለች ቁራጭ ቆዳ ናት፤ ጥቂት ብትንሸራተት ድምፁ ስለሚለወጥ ደርዳሪው በጣቱ እየነካካ ያስተካክላታል። እኔን የሚማርከኝ ይህ መነካካቱ ነው።

ከዘጋቢ ፊልሞች ደጋግሜ የማየው ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2006 ካቀረበው ፕላኔት ኧርዝ ውስጥ ስለ ተራሮች የሚናገረውን ክፍል ነው። በዴቪድ አተንብሮ ትረካ የአገራችን ጭላዳዎች ገደል አፋፍ ላይ ሣር ሲነጩ ባየሁ ቁጥር አብረውኝ የሚኖሩትን ጠርቼ «ጎረቤቶቼ ናቸው» እላለሁ። ቅሬታዬ ግን እንዲህ ያሉ ፊልሞች ሰውን ከሥዕሉ ማውጣታቸው ነው። ስለ ጓሳችን፣ ስለዚያ የመንዝ የሣር ምድር፣ ፊልም የሚሠራ ቢገኝ፣ ከጭላዳውና ከቀይ ቀበሮው አስቀድሞ፣ አባቶቻችን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቀሮ ሥርዐት ቦታውን ለዓመታት እየዘጉ ሣሩን ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለዝናብ መከላከያው ጌሳ እንዴት ሲያደርሱት እንደኖሩ፣ ሥርዐቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ከፈረሰ በኋላም ሕዝቡ ጥበቃውን እንዴት መልሶ እንዳቆመው ቢያሳየኝ እመርጣለሁ። ካሜራው ማጭድ የያዘው እጅ ላይ ትንሽ ይቆይልኝ።

ካርዶቹን የሠራኋቸው እኔ ነኝ፤ አትሳቂ። ለሽያጭ የቀረበ የመጀመሪያው የገና ካርድ የታተመው እዚሁ ለንደን እ.ኤ.አ. በ1843 ሲሆን፣ ሄንሪ ኮል የተባለ ሰው ሥዕሉን አሥሎ፣ ቀለሙን በእጅ አስቀብቶ አንዱን በአንድ ሽልንግ ሸጠው። በጉ ያለበት የእማዬ ነው፤ ጠጉሩን የሠራሁት ሻንጣዬ ውስጥ ከከተተችልኝ ባና ጫፍ በመዘዝሁት ክር መሆኑን እንዳትነግሪያት። አደይ አበባው የአባባ ነው። ሙጫው ፈስሶ የተበላሸው ያንቺ ነው፤ ከሦስቱ ብዙ የደከምሁበት እሱ ስለሆነ ልጥለው አልቻልሁም።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ባለፈው እንቁጣጣሽ ከሁላችሁም ስልኬ ላይ የደረሰኝ ምስል አንድ ዓይነት ነበር፤ አንዱ ለሌላው ያስተላለፈው ያው አበባ፣ ያው ጽሑፍ። እኔ በልጅነቴ ከደብተሬ ገንጥዬ መልአክ እየሣልሁ፣ በማለዳ በየቤቱ «እንኳን አደረሳችሁ» እያልሁ ስሙኒ ስሰበስብ ታስታውሻለሽ። ዘንድሮ ማሙሽ አንድ ሥዕል በእጁ ሠርቶ በወረቀት ይላክልኝ። ደብዳቤውን ያመጣው ሰው በመስከረም መጨረሻ ስለሚመለስ በእሱ ስጪው፤ በዓሉ ቢያልፍም ግድ የለም። ስሙኒ ስለሌለኝ ፖስታው ውስጥ የአንድ ፓውንድ ሳንቲም አስቀምጬለታለሁ።

እየሣለ ሳለ እርሳሱን አትንኪበት። የመልአኩን ክንፍ ቀይ ላድርገው ወይስ ሰማያዊ ብሎ ከጠየቀሽም ዝም በይው።

ናፋቂ ወንድምሽ