ኤፌመሪስ ስትመርጡ

ውድ አባላት፣

ለኮከብ ቆጠራ ኤፌመሪስ፣ ማለትም የፀሐይን፣ የጨረቃንና የፕላኔቶችን የየቀኑ ቦታ የሚያሳይ ሰንጠረዥ፣ ከመግዛታችሁ በፊት መግቢያውን አንብቡ። የተሰላው ለግሪንዊች (የዓለም ሰዓት መነሻ) እኩለ ሌሊት ነው ወይስ ለእኩለ ቀን? ጨረቃ በቀን በአማካይ 13 ዲግሪ ስለምትሄድ፣ ሁለቱን ማምታታት ብቻ ከ6 ዲግሪ በላይ ያሳስታል። ይህን በግልጽ ያልጻፈ መጽሐፍ ቢረክስም ባትገዙት ይሻላል።

ለመፈተሽ፣ በፈረንጆቹ ማርች 20 ቀን 2024 (መጋቢት 11 ቀን 2016) ላይ ፀሐይን እዩ። የእኩለ ሌሊቱ ሰንጠረዥ በሑት ኮከብ 29 ዲግሪ ከ52 ደቂቃ (እዚህ ደቂቃ የዲግሪ 60ኛ ክፍል ነው) አካባቢ፣ የእኩለ ቀኑ ደግሞ ሐመል 0 ዲግሪ ከ22 ደቂቃ አካባቢ ማሳየት አለበት። ሑት 5 ወይም 6 ዲግሪ ካያችሁ መጽሐፉ በህንዶች የኮከብ ስሌት የተዘጋጀ ነው፤ ስህተት የለበትም፣ ግን ከምዕራቡ ስሌት ጋር አትቀላቅሉት።

የጨረቃ መስቀለኛ ነጥብ (የጨረቃ መንገድ የፀሐይን መንገድ የሚያቋርጥበት ቦታ) አማካዩ ይሁን ትክክለኛው መገለጹንም አረጋግጡ፤ ልዩነታቸው አንዳንዴ ከ1 ዲግሪ ያልፋል።

መጽሐፉ ደህና ሆኖ ብዙ ጊዜ ስሌት የሚበላሸው በሰዓት ቅየራ ነው። አዲስ አበባ ጠዋት 2 ሰዓት፣ በግሪንዊች ንጋት 5:00 ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተወለደ ሰው ግን በግሪንዊች የዋዜማው 23:00 ላይ ስለሚውል ሰንጠረዡን ከአንድ ቀን በፊት ካለው መስመር ጀምሩ።