በእህቱ በኩል የሚነገረው ልጅ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ወጣቶች የአእምሮ ጤና የምታወጡትን ሳላነብ አላልፍም። ስለ ኤልጂቢቲ ልጆች (በተመሳሳይ ጾታ ወይም በሁለቱም ጾታ ስለሚማረኩ፣ ወይም የጾታ ማንነታቸው ሲወለዱ ከተሰጣቸው ስለሚለይ ልጆች) እና ስለ ቤተሰቦቻቸው ግን ያነበብኩት ነገር የለም። እኔ ያየሁትን ልጻፍላችሁ።

የእህቴ ልጅ በ17 ዓመቱ የሚማረከው በወንዶች እንደሆነ ለወላጆቹ ነገራቸው። አባቱ አልመታውም፣ ከቤትም አላባረረውም። ማናገሩን ብቻ ተወ። አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ለታናሽ እህቱ «ድምፁን ቀንስ በይው» ይላታል። እሷም ዞር ብላ «ቀንስ» ትለዋለች። ወራት እንዲህ አለፉ። ልጁ ከሳ። ሁሉም በልቶ እስኪነሳ ክፍሉ ቆይቶ ብቻውን መብላት ጀመረ።

አባቱ ክፉ ሰው አይደለም። ልጄን እየመለስኩ ነው ብሎ ከልቡ ያምን ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 ኬትሊን ራያን የተባለች ተመራማሪ የመራችው አንድ የአሜሪካ ጥናት ወጥቶ ነበር። የተጠየቁት በተመሳሳይ ጾታ ወይም በሁለቱም ጾታ የሚማረኩ፣ ከ21 እስከ 25 ዓመት የሆናቸው 224 ወጣቶች ናቸው። በጉርምስናቸው ቤተሰባቸው ክፉኛ ከገፋቸው መካከል ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ የማወቅ ዕድሉ፣ ብዙም ካልተገፉት ጋር ሲነጻጸር፣ 8.4 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ከባድ ድብርት ደግሞ 5.9 እጥፍ። መግፋት ማለት ዱላ ብቻ አይደለም። ከጓደኞቹ መለየት፣ ስለ ራሱ እንዳያወራ አፉን ማስያዝም መግፋት ነው። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ሌላ ጥናታቸው ደግሞ ቤተሰብ የተቀበላቸው ልጆች ለራሳቸው ያላቸው ግምትም ጤናቸውም የተሻለ መሆኑን አሳየ።

ብዙ ወላጅ መቀበል ሲባል እምነቱን መካድ ይመስለዋል። ማን ካድ አለው? ያልገባው ነገር ቀስ እያለ ይገባዋል። ልጁን ማናገር ግን ለነገ አይባልም።

አንድ ማታ አባትየው የልጁን በር አንኳኳ። «በልተሃል?» አለው፣ ራሱ። ልጁ ዝም ብሎ ቆየና «አልበላሁም» አለ። እህቴ በዚያው ሌሊት ደውላ እያለቀሰች ነገረችኝ። ዛሬም ያልተስማሙበት ብዙ ነገር አለ። ልጁ ግን አብሯቸው ይበላል።

እባካችሁ፣ ከባለሙያ ጋር ተመካክራችሁ ለወላጆች የሚሆን ነገር አውጡ። እህቴ በዚያ ሰሞን የምታነበው ፈልጋ አጥታ ነበር።

አንዲት አክስት